መቶ ሃያ ፕሩፍ ከአማቴ ጋር

አማቴ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት። አገላብጠውም አዩት። «ይሄ ሻይ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም» አሉ።

ያሳሳታቸው ቀለሙ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ኃይለኛ መጠጥ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናቸው። እናታቸው አረቄ አውጥተው ነው ያሳደጓቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ከመጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሲመጡ በሃይላንድ የተሞላ ዳግም አረቄ ይዘውልኝ መጥተዋል። እኔን ደግሞ ከአራት ዓመት ወዲህ ቦርበን የሚባል የአሜሪካ ዊስኪ አባዜ ይዞኛል። ሦስት ምሽት ቁጭ ብለን አንድ ጠርሙስ ፈተንን።

ጠርሙሱ ኖብ ክሪክ ነው። ባለ ነጠላ በርሜል፣ የ9 ዓመት፣ 120 ፕሩፍ። ፕሩፍ ግራ ካጋባችሁ ቁጥሩን ለሁለት አካፍሉት፣ የአልኮሉ መጠን ይወጣላችኋል። 60 በመቶ ማለት ነው። በሠርጋችን ላይ ጠረጴዛ የሚሞላው ብላክ ሌብል 40 ነው። ከታክስ በፊት 56 ዶላር ከፍዬበታለሁ።

የገዛሁበት መንገድ ራሱ ወሬ አለው። እኛ በምንኖርበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው ካውንቲው ራሱ ነው። ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ታች ከወረዳችሁ ግን ወዲያው ዲሲ ትገባላችሁ። እዚያ ሱቁ የግል ነው። እኔ የምሄድበት ሱቅ ባለቤት የኛው አገር ሰው ናቸው፣ ጠና ያሉ ሴት። ሁሌ ሲያዩኝ ይስቁብኛል።

«ልጄ፣ እንደ ሰው ሄነሲ አትገዛም?»

«ዛሬም ቦርበን ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ይሄን ውሰድ። በርሜሉን እኔው ነኝ የመረጥኩት።»

እውነታቸውን ነው። ጠርሙሱ ላይ የሱቁ ስም ያለበት ተለጣፊ አለ። ብዙ ሱቆች እንዲህ ያደርጋሉ። ፋብሪካው ከተለያዩ በርሜሎች ትንሽ ትንሽ ናሙና ይልካል፤ ሱቁ አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ በርሜል የወጣው ሁሉ ተጠርሙሶ ለእሱ ይመጣል። እትዬም ሦስት ናሙና ነበር የመጣላቸው። ችግሩ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። «ታዲያ እንዴት ቀመሱት?» አልኳቸው። «አልቀመስኩም። በአፍንጫዬ ነው የመረጥኩት» አሉኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ነጠላ በርሜል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአማቴ ማስረዳት ነበረብኝ። አብዛኛው ቦርበን የብዙ በርሜሎች ድብልቅ ነው። አንዱ ቢጎመዝዝ ሌላው ያለዝበዋል፤ ዘንድሮ የገዛኸውም ካምና ከገዛኸው ጋር አንድ ይሆናል። ባለ ነጠላ በርሜሉ ግን አስታራቂ የለውም። በርሜሉ የተሠራበት እንጨት፣ መጋዘኑ ውስጥ የተቀመጠበት ፎቅ፣ ያገኘው ሙቀት፣ ሁሉም እንዳለ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። ይሄን ጽሑፍ አንብባችሁ ሌላ ሱቅ ሄዳችሁ ያንኑ ስም ብትገዙ፣ የምትጠጡት የእኔን መጠጥ ሳይሆን የወንድሙን ነው። ስለዚህ የምሰጠውን ነጥብ በዚያ ልክ ያዙት።

«ከምንድነው የሚሠራው?» አሉ አማቴ።

«ከበቆሎ ነው አባባ። ሕጉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ይሁን ይላል። የገብስ ብቅልም አለበት።»

ፊታቸው በራ። «ታዲያ አረቄ ነዋ!»

ነው። በበቆሎና በብቅል ካደገ ሰው ጋር ምን ብዬ ልከራከር? አንድ በጋ የቦርበን አገር ኬንታኪ ሄጄ ስጎበኝ፣ በርሜል ከመግባቱ በፊት ያለውን ጥሬ መጠጥ አሽትተውን ነበር። እንደ ውሃ የጠራ ነው። እነሱ «ነጭ ውሻ» ይሉታል። ዓይኔን ጨፍኜ ሳሸት ኬንታኪ መሆኔን ረሳሁት። ጌሾው ቀረ እንጂ የአረቄ ቤት ጠረን ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በርሜሉ ነው። አዲስ የኦክ በርሜል መሆን አለበት፤ ውስጡም በእሳት የተለበለበ። ለቦርበን አንዴ ካገለገለ ዳግመኛ ለቦርበን አይሆንም፤ ብዙው ወደ ስኮትላንድ ተሽጦ ይሄዳል። እንጨቱ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ስኳር ይነጥርና ካራሜል ይሆናል። ቫኒላ ቫኒላ የሚለው ሽታም ከእንጨቱ ነው የሚመጣው። ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ መጨመር ክልክል ነው። የስኮትላንድ ሕግ በካራሜል ማቅለም ይፈቅዳል፤ የኬንታኪው ግን ሻይ የመሰለው በእንጨቱ ብቻ ነው።

«ጋን በወይራ እንደማጠን» አሉ አማቴ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም ጉብኝት ላይ አልሰማሁም።

ዘጠኝ ዓመት በእንጨት ውስጥ ሲቀመጥ ብዙ ተንኖ ይጠፋል። በርሜሉ 200 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሲከፈት ግን የጎደለው በዓይን ይታያል። ያንን የጎደለውን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል ስላቸው አማቴ አማተቡ። «መላእክት አረቄ አይጠጡም። የጠጣው መጋዘን ጠባቂው ነው» አሉ። የትነቱ ምልክት እንኳ አለ። በየመጋዘኑ ዙሪያ ግድግዳውና የዛፉ ግንድ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል፤ በአልኮል ትነት የሚኖር ጥቁር ሻጋታ ነው። ስጎበኝ መጀመሪያ እሳት የተነሳበት መስሎኝ ነበር።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኖብ ክሪክ ኬንታኪ ውስጥ ያለ ወንዝ ነው። አብርሃም ሊንከን በልጅነቱ፣ በፈረንጆቹ ከ1811 እስከ 1816፣ እዚያ ወንዝ አጠገብ ኖሯል። ወንዙ ሊወስደው ሲል ያወጣው የሰፈር ጓደኛው ነው። ዊስኪው ግን ከሊንከን ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። በ1992 ያወጣው የቦርበን ሠሪው የጂም ቢም የልጅ ልጅ ቡከር ኖ ነው። ፋብሪካውን በ2014 የጃፓኑ ሰንቶሪ ገዝቶታል።

አሁን ወደ መጠጡ።

የመጀመሪያው ምሽት ፈተና የአማቴ ነበር። የእናታቸው ዘዴ ነው። ማንኪያ ላይ ጠብ ያደርጉና ክብሪት ይጭሩበታል። ጥሩ አረቄ ይነዳል፣ ውሃ የበዛበት እምቢ ይላል። ባለቤቴ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ከሥሩ ፎጣ ይዛ ቆመች። ቦርበኑ ገና ክብሪቱ ሲጠጋው ቦግ አለ። ሰማያዊ ነበልባል። አረቄው ሁለት ክብሪት ፈጀ። ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ ስለሆነ አይፈረድበትም። አማቴ ማንኪያውን ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ሻይ» የሚለውን ስም አነሱለት። ፕሩፍ የሚለው ቃልም እንዲህ ካለ ፈተና መጣ ይባላል፤ ድሮ እንግሊዞች መጠጡን ባሩድ ላይ አፍስሰው ያቃጥሉት ነበር፣ ባሩዱ ከነደደ መጠጡ «ተረጋገጠ» ማለት ነው ይላሉ።

ከዚያ በመለኪያ ቀዳንና አንዴ ጨለጥነው። ስህተት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አማቴን በአገራቸው ልማድ ላስተናግድ ብዬ ነው። 60 በመቶ አልኮል አንዴ ሲወርድ ጣዕም የለውም። ያቃጥላል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ አለቀ። ብዙዎቻችን መጠጥ የምንመዝነው በዚሁ ነው፤ ጉሮሮ ከላጠ «ይሄማ ኦሪጅናል ነው» እንላለን። ማቃጠል ግን ክብሪቱም ይችላል። ደግሞ ሒሳቡን እወቁት። የ60 በመቶ 30 ሚሊ ሊትር ከ40ው 45 ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ነው። አንድ ትንሽ መለኪያ እዚህ አገር ሐኪሞች «አንድ መጠጥ» ብለው የሚቆጥሩት ሙሉ መጠን ነው። ሦስት መለኪያ ደርድሮ መኪና ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ካያችሁ ቁልፉን ንጠቁት።

ሁለተኛው ምሽት ብርጭቆ ቀየርን። ብርሌ ሞከርኩ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታውን ይሰበስባል ብዬ ነው። ሰበሰበው፤ ግን አልኮሉን ነው የሰበሰበው። አፍንጫዬ ላይ ቡጢ ያረፈ መሰለኝ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። በመጨረሻ ከቁም ሳጥን ትንሿን የወይን ብርጭቆ አወጣሁ፣ ከታች ሰፋ ብላ ከላይ ጠበብ የምትለዋን። ቀድቼ ሩብ ሰዓት ተውኩት። ይሄ ትዕግሥት ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የነበረው ስለት ይለቅና መጠጡ መናገር ይጀምራል።

ሽታው እውነቴን ነው ግሩም ነው። አፍንጫችሁን አትክተቱበት፣ ከከንፈራችሁ አካባቢ ያዙትና አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ሳቡ። ቀድሞ የሚመጣው የተቆላ ኦቾሎኒ ነው። ከምጣዱ አሁን የወረደ፣ ቀዩ ቅርፊት ገና ያልተገፈፈለት። ከጂም ቢም ቤት የሚወጡ ቦርበኖችን የሚጠጡ ሰዎች ሁሉ የሚያነሱት ሽታ ነው፤ ይሄኛው ላይ ግን በደንብ ገብቶበታል። ከሥሩ ቫኒላና ያረረ ስኳር። ቀረፋ ብልጭ ትላለች። ከዚያ አንድ ነገር መጣ፣ ስሙን ለማግኘት ደቂቃ ፈጀብኝ። የአያቴ የእንጨት ሳጥን። ካዛንቺስ ቤታችን፣ የክት ነጠላዋን የምታስቀምጥበት፣ ሲከፈት ቤቱን የሚሞላ የአሮጌ እንጨት ሽታ። ይሄ ዊስኪ በርሜል ሲገባ ካዛንቺስ ገና አልፈረሰም ነበር።

አማቴ የሸተታቸው ሌላ ነው። «የጣዝማ ማር» አሉ። ስቄ ተውኩት። ከዚያ ተመልሼ አሸተትኩ። ልክ ናቸው፤ ሳል ሲይዘን የሚሰጡን ያ ጠቆር ያለ ማር አለበት። አሁን ያንን ሳላገኝ ማሽተት አልችልም።

አፍ ውስጥስ? አገባቡ ጣፋጭ ነው። ወፍራም ነው፣ ምላስን እንደ ዘይት ይሸፍናል። አንድ ሁለት ሰከንድ ካራሜልና ኦቾሎኒ ብቻ ነው። ከዚያ ሙቀቱ ይነሳል፤ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ። እስከዚህ ድረስ ምንም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ከዋጡት በኋላ ነው። አፍ ይደርቃል። ድድ ላይ የሚይዝ፣ ረስታችሁት ሲንተከተክ የቆየ ሻይ ዓይነት ድርቀት ይቀራል። እንጨቱ በዝቷል። አማቴ ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው «ጌሾው በዝቶበታል» አሉ። ጌሾ የለበትም፣ ግን ከዚህ የበለጠ ልክ የሆነ ቃል አላውቅም። ጌሾ የበዛበት ጠላ የቀመሰ ሰው የምለውን ያውቃል።

እትዬን ያስታወስኩት እዚህ ላይ ነው። በርሜሉ በአፍንጫ የተመረጠ መሆኑ ያስታውቃል! ሽታውን ተከትላችሁ ስትገቡ ቤቱ ያማረ ነው፤ ጓሮው ነው ያልተጠረገው። ጾሙ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢፈታ ኖሮ ምናልባት ሁለተኛውን ናሙና ይመርጡ ነበር።

ሦስተኛው ምሽት ውሃ አመጣሁ። ፕሩፉ ከፍ ያለ መጠጥ ላይ ውሃ መጨመር የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። እኔም ነበርኩ። አሁን ግን ከፍተኛ ፕሩፍ የምገዛበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፤ ውሃውን የምመጥነው እኔ ነኝ። 40 በመቶ የሆነውን ፋብሪካው አስቀድሞ መጥኖላችኋል፣ የእኔኛው ግን ማንኪያው በእጄ ነው። ደግሞም ይሄኛው ራሱ ከበርሜል እንደወጣ አይደለም። ሕጉ በርሜል ሲገባ ከ125 ፕሩፍ እንዳይበልጥ ያዛል። በኬንታኪ ሙቀት፣ በተለይ በላይኞቹ ፎቆች፣ ከአልኮሉ ይልቅ ውሃው ቀድሞ ስለሚተን ጥንካሬው ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ባለ ነጠላ በርሜሉ የኖብ ክሪክ ቦርበን ግን ከየትኛውም በርሜል ቢወጣ ጠርሙሱ ላይ 120 ነው የሚለው። ያ የሚሆነው በውሃ ሲስተካከል ነው። ስለዚህ እነሱ ከጀመሩት እኔ ብቀጥል ምን ነውር አለው?

ሠላሳ ሚሊ ሊትር ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨመርኩ። 51 በመቶ ገደማ ወረደ። እዚህ ላይ ነው ቦታውን ያገኘው። ስለቱ ጠፋ፣ ጣፋጩ ረዘመ፣ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ አዲስ ነገር ብቅ አለ። ድርቀቱ አለ፣ ግን ድምፁን ቀንሷል። ሁለተኛ ማንኪያ ስጨምር 45 ሆነ። ከአማቴ አረቄ ጋር እኩል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳሳ፤ ኦቾሎኒው ቀረና እንጨቱ ብቻውን ወጣ። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ አትለፉ። በረዶ ደግሞ ሽታውን ይዘጋዋል። ሽታው ዋና ሀብቱ ለሆነ መጠጥ በረዶ መጨመር በሩን በላዩ ላይ መዝጋት ነው።

ለማነጻጸር ቤት የነበረውን ራስልስ ሪዘርቭ አወጣሁ። እሱም ባለ ነጠላ በርሜል ነው፣ 110 ፕሩፍ፣ ከዋይልድ ተርኪ ቤት፣ ሎረንስበርግ። ጂሚ ራስል የሚባሉት ሽማግሌ በ1954 ነው እዚያ ሥራ የጀመሩት፤ ልጃቸው ኤዲም እዚያው ነው። የእኔ ጠርሙስ ለስለስ ያለ ነው፣ ቼሪ ቼሪ ይላል፣ አወራረዱም ንጹህ ነው። እንግዳ ቢመጣብኝ የማቀርበው እሱን ነው። ብቻዬን ማታ ብርጭቆ ይዤ ግማሽ ሰዓት የማሸተው ግን ኖብ ክሪኩን ነው።

ከምግብ ጋርም ሞክረነዋል። ከዶሮ ወጥ ጋር አትሞክሩት። በርበሬውና አልኮሉ ተረዳድተው አፍ ውስጥ እሳት ያነዳሉ፤ የወጡም የመጠጡም ጣዕም ይጠፋል። ከቆሎ ጋር፣ በተለይ ኦቾሎኒና ሱፍ ካለበት፣ ዘመድ የተገናኘ ይመስላል። ቋንጣም ይስማማዋል። ከሁሉ የበለጠው ግን ሳናስበው የሆነ ነው። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር። ሦስተኛው ሲኒ ላይ፣ ቡናው ቀጠን ሲል፣ አንድ ጉንጭ ቦርበን አስከተልኩበት። የቡናው ምሬት የእንጨቱን ድርቀት ዋጠው። ያ ጌሾ ያልነው ነገር ጠፋ!

ዋጋውን ሳስብ አልቆጭም። ከሁለት ዓመት በፊት ስሙን የማልጠራው ሱቅ፣ ስሙን የማልጠራው እጅግ የሚፈለግ ቦርበን በ240 ዶላር ሸጦልኛል። መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ከ80 አይበልጥም። ውስጡ ያለው ደግ መጠጥ ነበር፣ ያ ብቻ። ያኔ የከፈልኩት ለወሬው ነው። እዚህ ጠርሙስ ላይ ግን ለ9 ዓመት እንጨትና ለ60 በመቶ ነው የከፈልኩት። በውሃ ስታስተካክሉት ጠርሙሱ ከተለመደው ይረዝማል፤ ይሄም አንድ ነገር ነው።

ለሽታው ከ10 ዘጠኝ። ለአፉ ሰባት፣ በአንድ ማንኪያ ውሃ ስምንት። ለአጨራረሱ ስድስት፣ ከቡና ጋር ካልሆነ በቀር። አማቴ ነጥብ አይሰጡም። «ካገሬው አረቄ አይበልጥም፣ ግን ሰው ፊት ይቀርባል» ነው ያሉት። ከእሳቸው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለአረቄያቸውም ፍርዴን ጠይቀውኛል። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አረቄው ደህና ነው፣ ሃይላንዱ ግን ፕላስቲክ ፕላስቲክ አሽትቶታል። አልተቀየሙም። ዝም ብለው የኖብ ክሪኩን ጠርሙስ አዩ፤ ሰፊ፣ ወፍራም፣ ክዳኑ በሰም የታሸገ የነበረውን።

እትዬ ጋ ተመልሼ ሄጄ ስለ አጨራረሱ ነገርኳቸው። «ልጄም እንደዚያው ብሎኝ ነበር» አሉ ሳይደነግጡ። ለሚቀጥለው በርሜል ናሙና ሲመጣ ይደውሉልኛል።

አማቴ የሚመለሱት በሁለት ሳምንት ነው። ትናንት ማታ ጠርሙሱን አንስተው የቀረውን በጣታቸው ለኩት። ሢሶ ያህል አለ። «በል ቶሎ ጨርሰው፣ ባዶውን ይዤው እሄዳለሁ» አሉኝ።